ደሴ ያሠራሁት መሰንቆ፣ ከ7 ወር በኋላ

መሰንቆ ላሠራ ነው ስል ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። «ለማን?» ለራሴ ነው ስላቸው ፊታቸው ይለወጣል። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ የሰማውን ለማመን ደግሞ ይጠይቀኛል። 43 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ፣ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ ገንዘብ ስቆጥር 17 ዓመት አልፎኛል። በወጉ ደግሞ መሰንቆ የሚመታው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ታዜማለች። ስለዚህ ቢገርማቸው አልፈርድባቸውም።

አሁን 7 ወር ሆነኝ። የት አሠራሽው፣ ስንት ፈጀ፣ ያዋጣል ወይ የሚሉኝ በዝተዋል። ለሁሉም በአንዴ ልመልስ።

መጀመሪያ ዋጋው። መሰንቆው ከነደጋኑ 3,800 ብር። ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በሰዓት 200 ብር። ርካሽ ነው አልልም። ለጌጥ ተብሎ ከዚህ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ አለ። አንዱን ከዚህ በፊት ገዝቼ ነበር። ግድግዳ ላይ ያምራል። ሲመቱት ግን ድምፁ ከካርቶን ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። መቃኛው ይንሸራተታል። ጭራ ተብሎ የታሰረለትም ናይለን ነው። መማር ለሚፈልግ ሰው ያንን አልመክርም።

ያሠራሁበት ቤት ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ያለች አንዲት ክፍል። በሯ ላይ ምንም አልተጻፈም። ምልክቷ ደጃፏ ላይ ተወጥሮ ፀሐይ የሚሞቅ የፍየል ቆዳ ነው። ባለሙያውን ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ አልጽፍም።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የልጅ ልጃቸው ጥግ ላይ ተቀምጦ የፈረስ ጭራ ያበጥር ነበር። 10 ዓመት ቢሆነው ነው። ጋሼ ምን ዓይነት ትፈልጊያለሽ፣ ትልቅ ነው ትንሽ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላሉኝም። «እስቲ አዚሚልኝ» አሉ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። መሰንቆ እንደ ፒያኖ ተወስኖ የተሰጠው ድምፅ የለውም። ክራር 5 ወይም 6 አውታር አለው፣ በገና 10 አለው። መሰንቆ ያለው 1 ብቻ ነው። ያም አንዱ የሚቃኘው በሚያዜመው ሰው ጉሮሮ ልክ ነው። የአንዱ ሰው ቅኝት ለሌላው ከፍ ይላል ወይ ዝቅ ይላል። ጋሼ ደግሞ ከዚህም አልፈው የአንገቱን ርዝመትና የሳጥኑን ስፋት የሚወስኑት ሰውየውን ሰምተው ነው።

አፈርኩ። ግን ጉሮሮዬን ጠራረግኩና ትንሽ ትዝታ አዜምኩላቸው። ጥሩ የሄደልኝ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ቢላቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

«ይሄ የሥራ ድምፅሽ ነው» አሉኝ። «የቤቱን አምጪልኝ።»

የት እንደምሠራ ገና አልነገርኳቸውም።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል፤ ያለዚያ ቀጥሎ የምለው አይገባም። መስኮት ላይ የሚቀመጥ ሰው ፊቱ የሥራው ዕቃ ነው። «እንኳን ደህና መጡ፣ ምን እንታዘዝ?» የሚለውን በቀን ከ100 ጊዜ በላይ እላለሁ። ፈገግታዬን ውሸት ነው አልለውም። ለሰው ፊትን አብርቶ መቀበል ከእናቴ ያየሁት ነው። ግን ለ17 ዓመት በየቀኑ የለበስከው ነገር ከቆዳህ ጋር ይያያዛል። ቤት ገብቼም ለልጆቼ በዚያው ድምፅ እንደማወራ የነገረችኝ ትልቋ ልጄ ናት። «እማ፣ ደንበኛ አይደለሁም እኮ» ብላኝ ታውቃለች። ያን ቀን አልተኛሁም።

ደግሞ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰውም ይጫወታል። ይሄን በደንብ አይቻለሁ። ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው የሰለቸው ይመስላል፤ ዓይኑ ግን ከእጄ አይነቀልም። ትንሽ የሚያስገባው ጮክ ብሎ ያወራል። ከገጠር የመጣው ገበሬ አልቆጥርም፣ አምንሻለሁ ይላል፤ በር ላይ ሲደርስ ቆሞ ይቆጥራል። እኔም ሳየው ያላየሁ እመስላለሁ። ከሁሉ የሚነካኝ ግን ሰው ከመስኮቱ ዞር ሲል ነው። ያቺ አንዲት ቅጽበት አለች። የለበሰው ፊት ወርዶ ቀጣዩ ገና ያልተለበሰበት። ሰውን በትክክል ያወቅኩት የመሰለኝ ሁልጊዜ ያን ጊዜ ነው፤ በጀርባው፣ በትከሻው።

ጋሼ ያሉኝን ይዤ ያን ቀን ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ ሚኒባስ ውስጥ በልቤ ደጋግሜ አዜምኩ። የቤቱ ድምፅ የትኛው ነው? ፈልጌ አጣሁት።

መሰንቆው በ3 ሳምንት ደረሰ። ሳጥኑ ከዋንዛ ነው፣ በማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን። ፊቱ ላይ የፍየል ቆዳ ተወጥሯል። አንገቱ ክንዴን አይቶ የተሠራ ስለሆነ ትከሻዬን አያደክመኝም። መቃኛው ጥብቅ ነው፤ በ7 ወር አንድ ጊዜ አልከዳኝም። ደጋኑ ላይም አውታሩ ላይም ያለው እውነተኛ የፈረስ ጭራ ነው። ጭራው ያለ እጣን ድምፅ አያወጣም። ሲያሹት ነው የሚናገረው። የእጣኑ ቁራጭ ከዕቃው ጋር በነፃ ይሰጣል።

ድምፁን እንዴት ልበላችሁ? ሰው ሊያለቅስ ሲል ጉሮሮው ላይ የሚቆም ነገር አለ አይደል። እዚያ አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። የመጀመሪያዎቹን 4 ሳምንታት ጣቴን ጭራው ላይ እንዳሳርፍ አልፈቀዱልኝም። ደጋን መሳብ ብቻ። ወደ ውጭ፣ ወደ ውስጥ። ለዚህ 800 ብር ከፈልኩ። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን ትክክል እንደነበሩ አውቃለሁ። ጣት ማሳረፍ ስጀምር ነው መከራው የመጣው። ጊታር ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ መስመር አለ። መሰንቆ ላይ የለም። ጣትህ አንገቱን እንኳን አይነካም። ጭራውን በአየር ላይ ነው የምትነካው። አንድ ጸጉር ታክል ብትስት ይሰማል። የሚደብቅልህ ሌላ አውታር የለም። ጋሼ ሲያስተምሩ ወረቀት የለም፣ ኖታ የለም። እሳቸው ይመታሉ፣ አንተ ትሰማለህ፣ ትሞክራለህ። ስሳሳት «አብሽሪ» ይሉኛል። ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህቺ ቃል ምን ያህል እንደምታሳርፍ ያውቃል።

አራቱን ቅኝቶች፣ ማለትም የዜማ መሠረቶቹን፣ በየተራ ነው የሚያስይዙት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲና አምባሰል ስማቸውን የያዙት ከዚሁ ከአገራችን ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ናት፣ አምባሰል ከደሴ በላይ። እያንዳንዱ ቅኝት 5 ድምፅ ነው ያለው። በ5 ድምፅ ይህን ያህል ዘመን ይህን ያህል ሰው እንዴት ሳይደጋገም አዜመ? ጋሼን ጠየቅኳቸው። ማሪቱ ለገሰን አስታወሱኝ። አምባሰልን ስንቱ አዜሞታል፣ እሷ አፏን ስትከፍት ግን በአንድ ቃል ማን እንደሆነች ይታወቃል አሉኝ። ልክ ናቸው። ሬዲዮ ከሩቅ ቢሰማ እንኳን ትለያለች።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ ወጣት ሆነው የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ነበሩ። የሁሉም ሕልም የክፍለ ሀገሩ ቡድን ወሎ ላሊበላ ኪነት መግባት ነበር። እሳቸው አልደረሱም። መድረክ ላይ 20 ሆነው ይወጡ ነበር። አንድ ዓይነት ልብስ፣ አንድ ዓይነት እጅ ማንሣት፣ ግጥሙ ተጽፎ የተሰጠ። «ያኔም ቢሆን እናቴ ከሁሉ ኋላ ቆማ በትከሻዬ ትለየኝ ነበር» አሉኝ። ይሄን ሲሉ የእኔ የመስኮት ነገር ትዝ አለኝ። ዝም አልኩ።

ቅሬታዬንም ልናገር፣ ምክንያቱም ገንዘብ የምታወጡ እናንተ ናችሁ። ትምህርቱ በሰዓቱ ተጀምሮ አያውቅም። 3 ሰዓት ከተባለ 4 ሰዓት ነው። አንድ ቅዳሜ ሠርግ ተጠርተው ሳይደውሉልኝ ሄደዋል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከኮምቦልቻ ወጥቼ የተዘጋ በር አይቼ ተመለስኩ። ከፍቶኝ ነበር። በሳምንቱ ነገርኳቸው፣ ይቅርታ ጠየቁኝ፣ አንድ ሰዓት ሳያስከፍሉኝ አስተማሩኝ። ጭራው በ3ኛው ሳምንት ተበጠሰ። የመጀመሪያውን በነፃ ተኩልኝ። ከዚያ በኋላ ያለው 150 ብር ነው።

ሌላው የአየሩ ጉዳይ ነው፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። ደሴ ከፍታ ላይ ናት፣ ክረምት ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ቤቱ ውስጥ ሁሉ ይገባል። ቆዳው እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ድምፁም ይደክማል። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች ቆዳው ይወጠራል፣ ድምፁ ይሰላል። ስለዚህ ታች ቃኝቼ ይዤው የወጣሁት መሰንቆ ደሴ ስደርስ ሌላ መሰንቆ ይሆንብኛል። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ጋሼ ከሰል ምድጃ አጠገብ ትንሽ አስጠግተው አሞቁትና መለሱልኝ። «እሱም እንደ ሰው ነው፣ አገሩን ይመስላል» አሉ። እንግዲህ የምትገዙ ሰዎች፣ ፕላስቲክ ውስጥ አታቆዩት። በጨርቅ ያዙት።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ተማሪው ሁሉ ይሰበሰባል። 7 ወይም 8 ሰው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፣ ባጃጅ ነጂ አለ፣ ሠርግ ላይ የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ቡና ይፈላል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። እያንዳንዱ በተራ ይመታል። ከማስተማሩ ይልቅ 200 ብሩ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዬ ቀን ትዝታ መታሁ። 2 ወር የተለማመድኩት ነው። አንድም ቦታ አልሳትኩም። ሁሉም አጨበጨቡ። የአክብሮት ጭብጨባ መሆኑን አወቅኩ፤ ይህን እንኳን እኔ አላጣውም። ሁሉም ደግነታቸውን ነው ያሳዩኝ። ልጁ ብቻ አላጨበጨበም። እጣኑን በእጁ እንደያዘ አየኝ።

«ይሄ የአባባ ነው» አለ። «የአንቺን አልመታሽም።»

ጋሼ ተቆጡት። እኔ ግን ደረቴ ላይ ነው የተመታሁት። እውነቱን ነበር። ደጋን አያያዜ የጋሼ፣ መሐል ላይ የማቆምበት ቦታ የጋሼ፣ አንገቴን ዘንበል ማድረጌ እንኳን የጋሼ። ሳላስበው እሳቸውን ለብሼ ነው የተቀመጥኩት። እንደዚያ ካደረግኩ ማንም አይነካኝም ብዬ ይመስለኛል። ሰው ፊት ስንቀመጥ የምንፈራው መሳሳትን ነው እንላለን። እኔ የፈራሁት ግን እኔ ሆኜ መሳሳትን ነው። የሌላ ሰው ሆኜ ብሳሳት ቀላል ነበር።

በሚቀጥለው ወር ባቲ መታሁ። ከጋሼ የተማርኩት ባቲ ነበር የጀመርኩት። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ድምፅ ላይ ጣቴ ሳተ፣ ጭራው ጮኸ። ፊቴ ወዲያው ፈገግ ሲል ተሰማኝ፤ ያ የመስኮቱ ፈገግታ። ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ሲስተም ተቋርጧል የምልበት። ጋሼ ከተቀመጡበት «ፊትሽን ተይው» አሉኝ። ተውኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፣ ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው፣ ከኮምቦልቻ በባቲ በሚሌ አድርጎ ይወርድ ነበር። መኪናው ሥር ተኝቶ ሲፈታታ ባቲ ያንጎራጉር ነበር። ትንፋሹ አጭር ነው፣ ሲጋራ ያጨስ ነበርና። ዜማው መቆም የሌለበት ቦታ ላይ ይቆማል፣ ትንፋሽ ይስባል፣ ከዚያ ከቆመበት ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ልጅ ሆኜ እግሩን ብቻ እያየሁ እሰማው ነበር። ይሄን ሁሉ ያን ጊዜ አላሰብኩትም፣ አሁን ስጽፍ ነው የማስበው። ያን ጊዜ የሆነው ደጋኔ ራሱ እዚያ ቦታ ላይ ቆመ። ቆየ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ቀጠለ።

ስጨርስ ማንም ወዲያው አላጨበጨበም። ባጃጅ ነጂው ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያይ ነበር። ልጁ መጥቶ እጣኑን ሰጠኝ።

ጋሼ «እዚያች ጋ መቆሙን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«አባቴ።»

«በይ አትተያት።»

ስወርድ ሐረጎ ላይ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፣ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። የጋሼን ስመታ የሰው ነው ተባልኩ። የአባቴን ስመታ የራሴ ሆነ። ሁለቱም ከሌላ ሰው የመጡ ናቸው። ታዲያ የእኔ የምለው ከየት ይጀምራል? አንዱን ተምሬ ነው የያዝኩት፤ ሌላው ሳላውቀው ውስጤ አድሯል። ልዩነቱ እሱ ይመስለኛል። የቤቱ ድምፅ ጋሼ ያሉት ምናልባት ይሄ ነው፣ ማንም ያየኛል ብለህ ሳታዘጋጀው የተቀመጠው። ግን አባቴም ከሌላ ሹፌር ሰምቶት ይሆናል። ጋሼን በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠየቅኳቸው። መቃኛውን እያጠበቁ «ይሄን የሚያውቅ ቢመጣ እኔንም ጥሩኝ» አሉኝ።

ያዋጣል ወይ ላላችሁኝ፣ አዎ። ትዕግሥት ካላችሁ፣ ቅዳሜያችሁ ነፃ ከሆነ፣ መጠበቅ ካላናደዳችሁ። ለዕቃው ከ5 አምስት እሰጣለሁ። ለሰዓት አክባሪነቱ 2። ለልጁ ስንት እንደምሰጥ አላውቅም። ቸኩሎ በ3 ወር ሠርግ ላይ መውጣት ለሚፈልግ ሰው ይሄ ቤት አይሆነውም። ሙዚቃን በወረቀት መማር የሚፈልግም አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለለት።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ እናቴ። መሰንቆውን ይዤ የገባሁ ቀን «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ነበር ያለችኝ። በእሷ ዘመን ይሄ ስድብ ነበር። ለሠርጉ ይጠሩታል፣ ገንዘብ ግንባሩ ላይ ይለጥፉለታል፣ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ የሚባል አዳራሽ አለ። ስሙ የወጣለት ሁሉንም ዓይነት ሰው ሳይጠየፍ ለግብር የሚያስገባ ስለነበረ ነው ይባላል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የአዝማሪው ነገር ይመጣብኛል። እዚያ ሁሉም ሲበላ እሱ ቆሞ ያዜም ነበር፤ የሚያየው የሁሉንም ፊት ነው። ለእናቴ ይሄን ብዬ አልተከራከርኳትም። 5 ወር ሙሉ ጓዳ ገብቼ በር ዘግቼ ነው የተለማመድኩት።

ባለፈው እሑድ ቡና ትቆላ ነበር። በሩን አልዘጋሁም። ባቲውን መታሁ። እዚያች ቦታ ላይ ስቆም የመቁያው ድምፅ ቆመ። ስቀጥል አልቀጠለም። ቡናው ሊያር ነው ብዬ ቀና ስል ምድጃው አጠገብ ቁጭ እንዳለች ጀርባዋን አየሁ። ዞር አላለችም።

«ተቀበይኝ» አለች። አዝማሪ ቤት ግጥም የሚሰጥ ሰው እንደሚለው።

«ቦርከና ሞላ አሉ፣ ማን ያሻግረኛል፣
ያ የለመድኩት ሰው ማዶ ቆሞ ያየኛል።»

ተቀበልኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ቡናው አረረ፣ ሌላ ቆላን።